ከወረቀት ላይ የተነሳው ቤት

ማቴዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። መልስ የማይመጣለት ጥያቄ መጠየቅ ያንተ ሥራ ነበር፣ ለተማሪዎችህም ለእኔም። እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገርህ። ከተለየኸን ሰባተኛው ክረምት ሊገባ ነው። የሆሳዕና ጭቃ እንደምታውቀው ነው፤ ዘንድሮም ጫማ ከእግር ላይ ነጥቆ ያስቀራል። ምሕረት አድጋለች፣ ልብሷ በየዓመቱ ያጥርባታል። እኔም ደህና ነኝ፤ ትንሽ ወፍሬያለሁ፣ ደስ ይበልህ። እናትህ እኛ ጋ ናቸው። ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ የእሳቸው ነገር ነው፤ ያንተ ሥዕልም ነገር ነው። ሁለቱ እንዴት አንድ እንደሆኑ እስክደርስበት ታገሠኝ፤ ወሬ ከዳር መጀመር እንደምወድ ታውቃለህ።

መጀመሪያ የቤቱን። ከጓሮ የተከልካቸው እንሰቶች ከአጥሩ በላይ ሆነዋል። ሁለቱን ባለፈው ዓመት ቆርጠን ፍቀናል፣ ቆጮውም ጥሩ ወጣልን። ደጃፉ ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጧል። ብርሃን ይከልልብኛል እያልክ ስትጨቃጨቀው የኖርከው ዛፍ አንተ ከሄድክ በኋላ ወደቀ፤ አሁን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳትጠራ ሳሎን ድረስ ትገባለች። አባቴ እርጅና ተጫጭኖት ሱቁን ለወንድሜ ለዘርጋ ለቀቀለት። ስኳሩና ሳሙናው በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሆነ ዘርጋ የሚሸጠው ክርና መርፌ፣ ክብሪትና የኩራዝ ክር ነው። አፉ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ከዕቃው ይልቅ በጨዋታው ሰው ይሰበስባል። እኔ እዚያው ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ታይፕ እመታለሁ። የማባዣው ማሽን አሁንም ወረቀት ይበላል። የተበላሸውን ከቅርጫት የሚለቅም ሰው ስለሌለ ቅርጫቱ ቶሎ ቶሎ ይሞላል።

ፎቶህ ግድግዳው ላይ ነው። በእሱ ነገር እስከ ዛሬ ንዴቴ አልበረደም። ለለቅሶህ ዘርጋ የመታወቂያህን ጉርድ ፎቶ ወስዶ አስተልቆ አመጣው። ፎቶ አንሺው ለሟች ሁሉ የሚያደርገውን ላንተም አደረገ፤ ኮት ደረበልህ፣ ከረባት አሰረልህ፣ በቀኝ በኩል ወጣ ያለችውን ጆሮህንም በቀለም ወደ ውስጥ መለሳት። ከረባት የበሬ ገመድ ነው ስትል የኖርከውን ሰው ይኸው ስንት ዓመት አስረን አስቀምጠንሃል። አንተ ስትሄድ ምሕረት አራት ዓመቷ ነበር። የምታስታውሰው ትከሻህ ላይ ተቀምጣ ከላይ ያየችውን አናትህን ነው፣ ፊትህን አይደለም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰውዬ "የፎቶው አባባ" ትለዋለች፣ አንተን ደግሞ "አባባ" ብቻ። ሁለት ሰዎች እንደሆናችሁ ነው የምታስበው። እኔም አላረምኳትም።

የፎቶ ነገር ከተነሳ እናትህን የሚያክል የለም። ከሠርጋችን በኋላ ሺንሺቾ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ስቱዲዮ የተነሳነውን ፎቶ ይዘንላቸው ነበር። ትዝ ይልሃል? እጃቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠራርገው ተቀበሉን፣ ብዙ ቆይተው አዩት። ከዚያ ገለበጡት። ነጭ ወረቀት ነው። መልሰው አዩት፣ እንደገና ገለበጡት። ሁሉን ነገር ሴት በሚያደርገው አማርኛቸው፣ እኔም እንድሰማ ብለው፣ "የልጄ ጀርባ የት ሄደች?" አሉ። አንተ እንባህ እስኪመጣ ሳቅክ። እኔ አዲስ ምራት ነኝ፣ ልሳቅ ወይስ ልፈር ጨንቆኝ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ስንመለስ ግን መኪናው ላይ፣ ሆሳዕና ልንደርስ ስንል፣ እናቴ እኮ እውነቷን ነው አልከኝ፤ ሰው ጀርባ ከሌለው በምኑ ተደግፎ ይቀመጣል።

ያ ነገር ክፍል ውስጥም ተከተለህ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሳጥን ትስላለህ፤ ከገጠር የመጡት ልጆች ሁለት የተደራረበ መስኮት ነው ብለው ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል። አንደኛው እንዲያውም ለመስኮቶቹ መጋረጃ ሰቅሎላቸው መጣ። በካርቶን ሠርተህ አሳየሃቸው። የካርቶኑን ሳጥን አወቁት፤ የሰሌዳው ግን ያው መስኮት ሆኖ ቀረ። ከሥዕሉ ወደ ሳጥኑ የሚወስድ መንገድ የለም፣ ችግሩ እሱ ነው አልክ። መንገዱን ለመሥራት ነው እንግዲህ የእኔን ቅርጫት መዝረፍ የጀመርከው። የተበላሸውን የማባዣ ወረቀት በመዳፍ ልክ ትቆርጥና ንጹህ ጀርባው ላይ ትስላለህ። መጀመሪያው ላይ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን አለ። ቀጥሎ ያው አራት ማዕዘን በጥቂቱ ያዘነብላል። ቀጥሎ በጎኑ ትንሽ ውፍረት ያወጣል። እንዲህ እያልክ ቀኑን ሙሉ፤ ባል አገባሁ ወይስ ወረቀት ብዬ እስክጠይቅ ድረስ። ወረቀቶቹን ደራርበህ በአንድ ጎን ጨብጠህ በአውራ ጣትህ ስትለቃቸው፣ አራት ማዕዘኑ ከወረቀቱ ላይ ተነስቶ ሳጥን ይሆናል፣ ይዞራል።

የመጀመሪያውስ ሳጥን አልነበረም፣ ሰካራም ነበር። ሥዕሉ ያረፈበት ቦታ ከወረቀት ወረቀት ስለሚለያይ ይወላገዳል፣ ይዘላል፣ ሊወድቅ ይደርሳል። ሳቅኩብህ፤ አንተ ግን ታችኛውን ከንፈርህን ነክሰህ ወደ ሥራህ ተመለስክ። ከዚያ ዘዴውን አገኘኸው። ገና ባዶ ሳሉ ወረቀቶቹን ደርድረህ የኮምፓስህን መርፌ ከላይ እስከ ታች አሳለፍክባቸው። እያንዳንዱ ወረቀት መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አገኘ፣ ሥዕሉም ሁሉ እሷን ተከትሎ ተሳለ። መሃሉ ከጸና ዳሩ የፈለገውን ያህል ቢንቀሳቀስ ግድ የለም አልክ። ጫማ ሰፊው በወፍራም ክር ጠረዘልህ። ክፍል ውስጥ ስትለቀው ልጆቹ "ተነሳ! ተነሳ!" እያሉ ከዴስካቸው ወጡ፤ ጩኸቱ እኔ ቢሮ ድረስ መጣ፣ ዳይሬክተሩም የምን ስብሰባ ነው ብሎ ብቅ አለ። አስማት ነው ወይ ሲሉህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አልካቸው። ይህን ዛሬም የሚደግሙልኝ ተማሪዎችህ አሉ፣ ራሳቸው አስተማሪ ሆነው።

ሳጥኑን ለእናትህም ወስደህ አሳየሃቸው። አዩት፣ መረቁህ፤ ግን ሳጥን ለምናቸው ነው። ያኔ ነው ቤታቸውን ልትስልላቸው የተነሳኸው፣ አንተ የተወለድክበትን ሳር ቤት። በእረፍት ሰሞን ሄደን ቀኑን ሙሉ በገመድ ስትለካ ዋልክ። የገመዱን አንድ ጫፍ መሃሉ ላይ ካለው ምሰሶ አስረህ ሌላውን ይዘህ በግድግዳው ዙሪያ ትሄዳለህ። እናትህ እንደ ልማዳቸው ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም። ገመዱ ሲደርስባቸው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ያሳልፉታል። ጎረቤቶች ደጁ ላይ ቆመው፣ የተማረ ልጅ እናቱን ያስራል እንዴ እያሉ ሳቁብህ። ቤት ሲሠራም እንዲሁ እንደሚጀመር የነገርከኝ የዚያን ቀን ነው፤ መሬቱ ላይ ችካል ይተከላል፣ በገመድ ክብ ይሰመራል፣ ክቡ ላይ ቋሚው ይቆማል። አገሬው ሁሉ መጀመሪያ የሚስለው ቤቱን ነው፣ እናቴ ሥዕል አታውቅም ማለቴ ስህተት ነው አልከኝ። የዚያ ቤት በር ዝቅተኛ ነበር። እናትህ በሩ ገና ሲቀርባቸው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው የሚገቡት፤ እኔ ግን ግንባሬን እየመታሁ ነው የተማርኩት። አንተም ስንት ዓመት ኖረህበት አልተማርክም ነበር።

ሥዕሉ ቆንጆ ሆኖ ሄደ። መጀመሪያ ክብ ብቻ ነው፣ መሬት ላይ እንደተሰመረው። ከዚያ ክቡ ያዘነብላል፣ እንቁላል ይመስላል። ከዙሪያው ቋሚዎቹ ይበቅላሉ፣ ይያያዛሉ፣ ግድግዳ ይሆናሉ፣ በር ይከፈታል። ጣሪያው ላይ ሳትደርስ የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ ደረሰህና ከሀቢቾ በታች ቆላው ላይ ተመደብክ። ወረቀቶቹን ይዘህ ወረድክ። ግድግዳው የተሳለባቸው ወረቀቶች ላይ ያለው የላምባ ጠብታ ከዚያ የመጣ ነው። ስትመለስ ወባው አብሮህ መጣ። ስለዚያ ሰሞን ብዙ አልጽፍም፣ አብረን ነበርን። ትኩሳቱ በረድ ባለልህ ጊዜ "ጣሪያው ቀረ" አልከኝ። እኔ ይሄ የእኛ ጣሪያ መስሎኝ፣ ክረምቱ ይውጣ እንጂ ቆርቆሮውን እንለውጠዋለን አልኩህ። ፈገግ አልክ፣ አላረምከኝም።

ለቅሶው ላይ ያን ባለ ከረባት ፎቶ ድንኳኑ ውስጥ አቆሙት። እናትህ ከሺንሺቾ ደርሰው፣ ሰውን ሁሉ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሄዱ። በሁለት እጃቸው አንስተው ገለበጡት። ከኋላው ካርቶንና ሚስማር ነው። ያን ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም። እሳቸውም ቀስ ብለው መልሰው አቆሙትና ሴቶቹ መሃል ሄደው ተቀመጡ።

ወረቀቶችህን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኳቸው። ስትናፍቀኝ አውርጄ በጣቴ እለቃቸዋለሁ፤ ክብ፣ ግድግዳ፣ በር፣ ከዚያ ያልቃል። ምሕረት እንድታይ እንጂ እንድትነካ አልፈቅድላትም ነበር። አባባ ጣሪያውን ምን ሊያደርገው ነበር እያለች ትጠይቀኛለች። ያንተ ልጅ ናትና ጥያቄዋ አያልቅም።

ዘንድሮ መንደር ምሥረታው እናንተም ጋ ደረሰ። ሰዉ ካለበት ተነስቶ ሜዳው ላይ በመስመር እንዲሰፍር ሆነ፤ ቤት ሁሉ ፈረሰ። የእናትህም ቤት እንጨቱ፣ ሳሩ በሰው ትከሻ ተጫነ። ግማሹ አዲስ ለተሰጣቸው ቤት ዋለ፣ ግማሹ የት እንደዋለ የሚያውቅ የለም። ምሰሶው ከማይታወቀው ውስጥ ነው። ዘርጋና እኔ ሄደን ስናገኛቸው አዲሱ ቤት ደጅ ላይ ቆመዋል፤ ለመግባትም ለመሄድም ያልቆረጡ ይመስላሉ። ጥቅላቸውን ይዘን ወደ ሆሳዕና አመጣናቸው።

አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። ግን አልገቡም ነበር፣ ማቴ። ጥቅላቸውን አልፈቱም። ሳሎኑ መሃል በርጩማ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ግድግዳ አይደገፉም። ትራስ ሳስጠጋላቸው ያመሰግኑና ወደ ጎን ያደርጉታል። ወገባቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ፣ ሲነሱ ያቃስታሉ። ምግብ ሳቀርብ እንግዳ እንደሚቀምሰው ቀመስ አድርገው ይተዋሉ፤ ይብሉ እንጂ ብዬ ብለምን፣ ብምል፣ ባኮርፍም አልሆነልኝም። አመሻሽ ላይ ለምሕረት፣ "እንሂድ፣ ቤቴ ብቻዋን ናት" ይሏታል። ቤቱ እንደሌለ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ሲፈርስ ቆመው አይተዋል። እየከሱ ሄዱ። በልጃቸው ቤት እንግዳ እንደሆኑ ይሞቱብኛል ብዬ ፈራሁ። ላንተ ምን ብዬ እመልሳለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ምሕረት ቆርቆሮውን አውርዳ አያቷ ፊት ተንበርክካለች። ልቆጣ አፌን ስከፍት ለቀቀችው። ክቡ፣ ግድግዳው፣ በሩ። እናትህ አወቁት። ጣታቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፣ ፊታቸው ሲበራ አየሁ። ከዚያ ወረቀቱ አለቀና ቤቱ ክፍቱን ቀረ። ትንሽ ጠበቁ። "የኔ መደገፊያ የት ሄደች?" አሉ። ጣሪያውን አይደለም የጠየቁት፣ ምሰሶውን ነው። አንተ ቤቱን ውጭ ቆመህ ነው የሳልከው፤ እሳቸው ቤታቸውን የሚያውቁት ውስጥ ተቀምጠው ነው። ፊታቸው ወዲያው ወደነበረበት ተመለሰ።

ምሕረት እኔ እጨርሰዋለሁ አለች። አይሆንም አልኳት። ጣሪያውስ በአዲስ ወረቀት ይጨመራል። ምሰሶው ግን ግድግዳው ሳይሸፍነው በፊት መቆም አለበት፤ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ማለት ነው። ያንተ እጅ ባረፈበት በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ የእሷ እርሳስ ሊያርፍ ነው። ያንተ እጅ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም፣ ፎቶው እንኳ የፎቶ አንሺው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳልሆን ፈራሁ። ምሕረት አኮረፈችኝ። ስታኮርፍ ብታያት፣ ታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ፣ ራስህን ነው የምታየው።

በዚያው ሰሞን ጓደኛህ መምህር ታፈሰ ሊጠይቀን መጣ። ወደ ጊምቢቹ ከተዛወረ ወዲህም ሆሳዕና ከመጣ ሳያየን አይሄድም። ነገሩን ስነግረው ለእኔ ፈረደልኝ። አንቺ ልክ ነሽ፣ ይሄ ቅርስ ነው፣ በመስታወት ሣጥን ተደርጎ መቀመጥ ያለበት ነው አለ። ደጋፊ አገኘሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቃሉ ቆረቆረኝ። ቅርስ! አንተን ከረባት አስሬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ቤትህን ደግሞ ያለ ክዳን ቆርቆሮ ውስጥ ልዘጋበት ነው? እናትህ እዚያው በርጩማቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፣ እኛ ስለ ቅርስ እናወራለን። ለታፈሰ ሻይ ደገምኩለት፣ ስለ ጊምቢቹ ገበያ ጠየቅኩት፣ እስከ በሩ ሸኘሁት። እሱ ከወጣ በኋላ ምሕረትን እጅሽን ታጠቢ አልኳት።

ክሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያንን ለማንም አልሰጥም ነበር። ወረቀቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራተቱ፣ ግን ቅደም ተከተላቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ። አዲሱን ወረቀት ከራሴ ቅርጫት አምጥቼ በመዳፍ ልክ ቆረጥኩ። ካንተዎቹ ሥር አስገብቼ የኮምፓስህን መርፌ በድሮው ቀዳዳ ላይ አቆምኩት። ያንተን ወረቀቶች ምንም ሳይቸገር አለፈና አዲሶቹ ላይ ሲደርስ ብቻ ጫን ማለት ፈለገ። ምሕረት ምሰሶውን ከየት ልጀምር ስትለኝ ቀዳዳዋን አሳየኋት። እያሳየኋት ነው ያ ገመድ ትዝ ያለኝ። ቤቱን ስትለካ ገመዱን ያሰርከው ምሰሶው ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ መርፌውን ተከልክ። ምሰሶውን አልሳልከውም እንጂ ቦታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትተህለታል። ሆነ ብለህ ነው ወይስ ሳታስበው፣ አላውቅም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ደስም ብሎኛል፣ ናፍቀኸኝማል።

ልጅህ ስትሠራ ቸኮለች ብዬ አልዋሽህም። ከቀዳዳዋ ላይ መጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ የጣት ቁመት ያህል፣ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፤ ምሰሶውን እንደ በቆሎ አሳደገችው። እርሳስ ትጫናለች፣ መስመሯ ካንተ ይወፍራል። ጣሪያው መጀመሪያ ባርኔጣ ሆኖባት በላጲስ ስትፈትግ ወረቀቱ ተቀደደ። ያኔ እናትህ ከበርጩማቸው ተነስተው መጡ። እጃቸውን የምሕረት ትከሻ ላይ አደረጉና፣ ሳሩ እስከዚህ ነበረች አሉ። እንዲህ ዝቅ ይል እንደነበር እኔም ረስቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የራሳቸውን ቋንቋ እያወሩ ሲሠሩ እኔን ከጠረጴዛው ገፉኝ። መጨረሻ ላይ ምሕረት ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች፤ ሲጠናቀቅ ታየዋለሽ ብላ አልነገረችኝም። ጫማ ሰፊው አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፤ ግን የማቴዎስ ወረቀት ነው ስለው ሌላውን ሥራ ትቶ ጠረዘው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳሎን ገብታ ሳለ ምሕረት አያቷ ፊት ተንበርክካ ለቀቀችው። ክቡ ጠፍጣፋውን ተኝቶ ነበር። ከመሃሉ ምሰሶው ብቅ አለ። ክቡ አዘነበለ፣ ቋሚዎቹ በምሰሶው ዙሪያ በቀሉ፣ ግድግዳው ተያያዘና ምሰሶውን ከውስጥ ደበቀው፣ ጫፉ ብቻ ቀረ። እዚህ ላይ ያንተ ወረቀት አልቆ የልጅህ ጀመረ። መስመሩ ወፈረ። ጣሪያው ከጫፉ ላይ ተዘርግቶ እስከ ትከሻ ወረደ። በቃ አለቀ ስል ቤቱ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። ምሕረት የደበቀችኝ ይህን ነው። በሩ ቀረበ፣ ሰፋ፣ ወረቀቱን ሊሞላ ደረሰ።

እናትህ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ።

በሩን አልፈው ቀና አሉ። በርጩማቸውን እስከ ግድግዳው ድረስ ወደ ኋላ ስበው ጀርባቸውን አሳረፉበትና ተነፈሱ። እኔና ምሕረት እዚያው ነን፣ እሷ ተንበርክካ እኔ ቆሜ። አዩን። እንግዳ ደጅ ላይ አቁሞ እንደማያውቅ ሰው ደንገጥ ብለው፣ "ምን ቆማችኋል? ግቡ እንጂ" አሉን። ገባን። ምሕረት በአንድ ጎናቸው እኔ በሌላው ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን፣ ፀሐይዋ ከሳሎኑ እስክትወጣ ድረስ።

ዛሬ ጠዋት ጥቅላቸውን ፈቱ። ልብሳቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ አደረግኩላቸው። ምሳም በሉ፤ ጎመኑ ጨው አነሰው ብለው ወቀሱኝ። በወቀሳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ምሕረት አሁን አባባን እሠራለሁ ብላለች። ከወረቀት ተነስተህ እንድትዞር ነው የምትፈልገው። አናትህን ከትከሻህ ላይ ሆና ስላየችው ከዚያ ትጀምራለች። ጀርባህን እኔ እነግራታለሁ፣ ልጄን ያዘልኳት እኔ ነኝ ብለዋል እናትህ። ያ ከረባት የሚወርድበት ጊዜም ደርሷል። እንደማልረሳህ ልማልልህ አስቤ ነበር፤ ግን አንተ የምላስ ቃል አትወድም፣ ሥራ አሳዩኝ ነው የምትለው። ስለዚህ ለእኔ የደረሰኝን ልንገርህ። የቀኟ ጆሮህ በእኔ ኃላፊነት ናት። እስካለሁ ድረስ ማንም በቀለም ወደ ውስጥ አይመልሳትም፤ ወጣ እንዳለች ትኖራለች።

ብርቄ